የእንጀራ አባት
ከ2007 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) የታየውን «ማድ ሜን» የተሰኘ የአሜሪካ ድራማ ሰሞኑን ደግሜ ተመለከትሁ። ሄንሪ ፍራንሲስ በኒው ዮርክ ገዥ በኔልሰን ሮክፌለር ጽሕፈት ቤት ሹም ሳለ የተዋወቅነው፣ በንግግር የሚያድር ሰው ነው። ባለቤቱ በሳንባ ካንሰር መያዟን ለእንጀራ ልጁ ለሳሊ ሊነግር ወደ ትምህርት ቤቷ ይሄዳል። እንድታለቅስ ፈቅዶላት፣ ስቅስቅ ብሎ የሚያነባው ግን እርሱ ነው፤ እያመነታች እጇን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች። ኋላም ወንድሞቿ ከሄንሪ ጋር እንዲቀሩ ወላጅ አባቷን የምትሞግተው እርሷው ናት።

እኔም የባለቤቴን ልጅ ሳሳድግ፣ አባትነት በሥልጣን የሚጸና መስሎኝ ኖሯል። ሥልጣን ግን፣ በቤትም ሆነ በአገር፣ ታዛዥ እንጂ ልጅ አያፈራም። እርሷም «ጋሼ» እያለች በአክብሮት ትርቀኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት «ተሳስቼአለሁ፤ ይቅር በይኝ» ስላት፣ መልስ ሳትሰጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።