የታጠቅ ልጆች በደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስን ለማየት ካሰቡ ጥቅምትን ይምረጡ። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ደርቋል፣ ጤፉ ገና አልታጨደም፣ ብርዱም ቢሆን በጋቢ የሚመለስ ነው። ከአዲስ አበባ በማለዳ ከተነሱ ለቁርስ ጎሃ ጽዮን ይደርሳሉ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ሹራብዎን አውልቀው በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ይሻገራሉ፤ ደጀን ላይ ሹራቡን መልሰው ይለብሳሉ። የትኖራን፣ ሉማሜን፣ አምበርን አልፈው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላልዎት ደርሰዋል ማለት ነው።

አስጎብኚ ቢይዙ የሚነግርዎት የታወቀ ነው። ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ሲመለሱ፣ አዲስ አበባ ከመድረሳቸው በፊት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. እዚህ ገብተዋል። ሁሉንም ይስሙ። እኔ ግን የምልክዎት ወደ ሌላ ቦታ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ አዛውንቶች ተደርድረው ፀሐይ ወደሚሞቁበት የድንጋይ አጥር ሥር።

እዚያ ከተቀመጡት መካከል የቀድሞ ወታደሮቹን ለመለየት ብዙ አይቸገሩም። ጋቢው እንደሌሎቹ ነው፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ከዘራውን ተደግፎ ሲነሳ ሌላው ድምፁን አወፍሮ "ተጠንቀቅ!" ይለዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ቀልዱ በየቀኑ እንደሚደገም ያስታውቃል። "እንደምን አደራችሁ፣ አባቶቼ" ብለው ይጠጓቸው፤ ቦታ ይለቁልዎታል።

የብዙዎቹ ወሬ የሚጀምረው ከ1969 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር የእናት አገር ጥሪ ተላለፈ። ገበሬው ከየቀበሌው ተመርጦ በመኪና ተጫነ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ታጠቅ ጦር ሰፈር ተራገፈ። "ዓባይን ያየሁት ያን ቀን ነው" አሉኝ አንዱ። "ከዓባይ ማዶ ሰው መኖሩን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላረጋገጥኩም ነበር።"

የከስክስ ጫማው ነገር ከማንም አፍ አይጠፋም። የጮቄን ተዳፋት በባዶ እግሩ ሲወጣና ሲወርድ ላደገ ሰው ጫማ ማለት ቅጣት ነበር። ሳምንት ሙሉ አነከሱ፤ ማታ ሲያወልቁት እግራቸው ከእስር የተፈታ ይመስላቸው ነበር። አንደኛው ግን ያን የሚጠሉትን ጫማ እንዳይሰረቅባቸው ሌሊት ተንተርሰውት ይተኙ ነበር። ለምን ብላቸው "መንግሥት የሰጠኝ የመጀመሪያው ነገር ነበራ!" አሉኝ። ኮቾሮውንም ያነሱታል፤ ጥርስ ያለው ይቆረጥመዋል፣ የሌለው ሻይ ውስጥ ይነክረዋል። ሰልፉንም ያነሱታል። "ወደ ቀኝ ዙር!" ሲባል ግማሹ ወደ ግራ እየዞረ ፊት ለፊት ይፋጠጥ ነበር። "በሬዎቼ ከኔ ይሻሉ ነበር" አሉ ጫማ ተንተራሹ፤ "እነሱ ቀኝና ግራቸውን ያውቃሉ።" የእሳቸው አባት አርበኛ ነበሩ፤ ጣሊያንን የተዋጉት ማሠልጠኛ የሚባል ነገር ሳያዩ ነው። ልጃቸው ተመልሶ የሰልፍ አረማመዱን ሲያሳያቸው "ጠላት ተሰልፎ ነው እንዴ የሚመጣው?" ብለው ጠየቁት አሉ።

ከእነሱ በዕድሜ ዝቅ የሚሉት የብሔራዊ ውትድርና ልጆች ናቸው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ስድስት ወር አሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያስገለግል ነበር። "ሁለት ዓመት ተባልኩ፤ ሰባት ሆነኝ" ያሉኝ ሰው የሠለጠኑት በስተ ደቡብ፣ ብላቴ ነው። ደገኛን ቆላ ያወረደ ወባን ሳይጨምር አይመልሰውም፤ እሳቸውም እስካሁን ሐምሌ ሲገባ ይንቀጠቀጣሉ።

ከሁሉም ታናሽ የሆነው የ1991ዱ ዘማች ደግሞ ሩቅ አልሄደም። ማሠልጠኛው ብር ሸለቆ፣ እዚሁ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ የሚገኘው ነው። ታላላቆቹ "አንተማ ደጃፍህ ላይ ነው የሠለጠንከው" እያሉ ያበሽቁታል። እሱ ግን የባሰው ይኼ ነው ባይ ነው፤ የአገርህ ጭስ እየሸተተህ በሌላ አቅጣጫ መሮጥ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጨዋታው ሁልጊዜ ምርቃት ላይ ይቆማል። በሰኔ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ ስላለፉበት ሰልፍ በሰፊው ያወራሉ። ከዚያ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወረረ፤ ጅጅጋ ነፃ እስክትወጣ፣ እስከ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድረስ ያለው ግን "ከዚያማ ግንባር ሄድን" በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከኤርትራ በእግራቸው የተመለሱም አሉ። እሱንም አያነሱትም። እኔ ጠይቄ ነበር፤ ሁሉም ዝም ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት አዩ። እርስዎ አይጠይቁ።

ሲበተኑ ግን አንደኛው አዛውንት ወደ ኋላ ቀሩ። ከዘመቻው በፊት በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ታጠቅ ሲገቡ ከጋንታው ፊደል የለየው ጥቂት ሰው ስለነበር ደብዳቤ ጸሐፊ ሆኑ። የሰውን ሁሉ ናፍቆት በእጃቸው ጻፉ፤ ማን ለሚስቱ እንደሚዋሽ፣ ማን ስለ ብድሩ እንደሚጨነቅ ያውቁ ነበር። ከምሥራቅ ግንባር ሳይላክ የቀረ አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ እሳቸው ዘንድ አለ። የማቻከል ልጅ ለእናቱ ያስጻፈው ነው፤ ስለ ቀዩ በሬ ይጠይቃል፣ ታናሽ እህቱን እንዳይድሯት ይለምናል። በማግሥቱ ሞተ።

ማቻከል ከደብረ ማርቆስ በባሕር ዳር መንገድ ቅርብ ነው፤ አማኑኤል የምትባለው ከተማ ያለችበት ወረዳ። አዛውንቱ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፈዋል። "ለምን አላደረሱትም?" አልኳቸው።

"እኔ ተርፌ፣ ምን ብዬ በራቸውን ልምታ?" አሉ። እናቲቱ መቼም የሉም፤ ያቺ እህት ግን ትኖር ይሆናል። መኪና እንዳለኝ ነገርኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። በጋቢያቸው ፋንታ ኮት ለብሰዋል፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይታያል። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከከተማ እስክንወጣ አልተናገሩም። አማኑኤል ስንቃረብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው "ልጄ፣ እስኪ ጥግ ያዝልኝ" አሉ። "ከመድረሳችን በፊት አንዴ ላንብበው።"