ቁርጥማትና ልብ

በአገራችን በሰላ ድንጋይ ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ጉልበቱን ያመመውን ሰው ሁሉ «ብርድ መታው፤ ቁርጥማት ነው» ማለት ልማድ ነው። ታናሽ እኅቴ የ11 ዓመት ልጅ ሳለች አስቀድሞ ጉሮሮዋን ታመመች። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፤ እርሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷን፥ ቀጥሎም ክርኗን ያዛት። እናታችን በቅቤ እያሸች በጋቢ ጠቀለለቻት፤ ጎረቤትም እንጥሏ ይቆረጥ ብሎ መከረ። ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው መዛወሩን ያስተዋሉት ግን አያታችን ነበሩ። «ይህ የብርድ ጠባይ አይደለም» ብለው ወደ ሐኪም እንድትወሰድ አደረጉ።

ሐኪሙም ሕመሙ ሩማቲክ ትኩሳት እንደሚባል ነገሩን። ይኸውም እንዲህ ነው፦ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ ጉሮሮን ሲያቆስል፥ ሰውነት ሠራዊቱን ያዘምትበታል። የአንዳንዱ ልጅ ሠራዊት ግን ወዳጅን ከጠላት መለየት ይሳነውና፥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ የገዛ አካሉን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የመገጣጠሚያው እብጠት ይጠፋል፤ በልብ በሮች ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። የተበላሸን በር ለመጠገን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተከፍቷል፤ ነገር ግን ሕሙማኑ ብዙ ስለ ሆኑ ተራው ለሁሉ በቶሎ አይደርስም።

መከላከያው ግን በቅርብ ይገኛል። የጉሮሮን ቁስል በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም ነው፤ አንድ ጊዜ የታመመ ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት መወጋት አለበት። ከባዱ ነገር ይህ «ለብዙ ዓመታት» የሚለው ነው። እኅቴ ዛሬ ትሮጣለች፥ ትጫወታለች። መርፌው ያማልና «ሳያመኝ ለምን እወጋለሁ?» ትለኛለች። እኔም «ነገ ልብሽን እንዳያምሽ ነው» እላታለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አያጠግባትም፤ ሆኖም እያለቀሰችም ቢሆን አብረን እንሄዳለን፤ እስካሁን አንድም ቀጠሮ አላለፈንም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ጉሮሮው ታሞ ከዳነ በኋላ መገጣጠሚያው እየተዛወረ የሚያብጥ፥ ወይም ሲሮጥ ከእኩዮቹ ይልቅ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ብታዩ፥ ለወላጆቹ ንገሩ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።