ድምፅ ፍለጋ በካርቱም

በዚህች በእጅ በምትጻፍ መጽሔታችን ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ስለ አገር ናፍቆትና ስለ መንገዱ መከራ ጽፈዋል። እኛ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ የቀለለ ቢመስላችሁም እስከ መጨረሻው ታገሡን፤ ወሬው የማሽን ብቻ አይደለምና።

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነበር። በካርቱም፣ ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ማታ ማታ የስደተኛ ልጆችን ፊደል እናስቆጥር ነበር። ሦስታችንም በመምህራን ኮሌጅ ሠልጥነን ጥቂት ዓመት እንዳስተማርን ስደት ያገናኘን ነን። ልጆቹ ዐረብኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል፤ አማርኛው ግን አፋቸው ላይ ይሰበር ነበር። ይህን ያየ አንድ ደግ ሰው ከቢሮ የተወገደ ኮምፒዩተር ሰጠን።

በማሽኑ ላይ የጫንነው ኡቡንቱ የተባለውን ሥርዓት ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ አልነበረንም፤ ኡቡንቱ ደግሞ በነጻ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ ሱዳን ከእ.ኤ.አ. 1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር የኖረች አገር ስለሆነች፣ ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም የካርቱም ወጣቶች አሳምረው ያውቃሉ። የነገዱ አባት ዩኒክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ነው። የእርሱን አምሳያ ሊኑክስን ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ለዓለም አካፈለ። ኡቡንቱ ከዚሁ የተወለደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው በአንድ ደቡብ አፍሪካዊ አነሳሽነት ነው፤ ስሙም ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው የሚለውን የደቡብ አፍሪካን ብሂል የያዘ ነው።

እንግዲህ አንድ ምሽት የተማሪያችን እናት መጡ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ሻይ ሲሸጡ ውለው እጃቸው ከሰል ከሰል ይሸታል። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈቱ፤ ሲዲ ነው። «መምህሮቼ፣ እናቴ ሳትሞት የወንድሜ ልጅ ድምጿን ቀድቶ የላከልኝ ነው። ልጄ አያቷን አታውቅም። እባካችሁ አሰሙልኝ» አሉን።

እኛም ደስ ብሎን ማሽኑን ከፈትን። አስቀድመን ድምፁን ለመሞከር በማሽኑ ውስጥ የነበረ የመሐመድ ወርዲን ዘፈን ነካን። መስመሩ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ድምፅ ግን የለም። ሴትዮዋ ጥቂት ጠብቀው፣ «ማሽኑ ነው ዲዳ ወይስ እኔ ነኝ ደንቆሮ?» ሲሉ ሳቅንም አፈርንም።

በኮሌጅ ሳለን ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ ተብለን ተምረናል። እኛ ግን ይህን ረስተን ማሽኑ ተበላሽቷል ብለን ልንፈታው ተነሣን። ከመካከላችን የሒሳቡ መምህር እጃችንን ያዘ። መጀመሪያ ድምፅ ማጉያውን ነቅለን በስልክ ሞከርን፤ ደኅና ነው። ቀጥሎ ገመዱ ከኋላ በአረንጓዴው ቀዳዳ መግባቱን አየን፤ ገብቷል። ከዚያ ማሽኑን ራሱን ጠየቅነው፤ ኤፕሌይ በሚባለው ትእዛዝ የድምፅ ካርዶቹን ሲዘረዝር ሁለት ሆነው ተገኙ። አንዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄድ፣ ሁለተኛው ወደ ድምፅ ማጉያው። ለካ ማሽኑ ስንት ጊዜ ሙሉ ሲዘፍን የኖረው ጆሮም አፍም ለሌለው ስክሪን ነው! ወደ ሁለተኛው አዞርነው። አሁንም ጸጥ።

በመጨረሻ አልሳሚክሰር የተባለውን ሰሌዳ ከፈትን። እንደ መስኖ መዝጊያ የተደረደሩ መስመሮች ይታያሉ፤ ከአንዱ ሥር ሁለት ኤም ተጽፎበታል። ይህ ማለት ተዘግቷል ማለት ነው። የኤምን ፊደል አንድ ጊዜ ስንጫን ሁለቱ ኤም ወደ ሁለት ኦ ተለወጡ፤ በቀስቱ ከፍ ስናደርገው የወርዲ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ቋንቋው ሌላ ቢሆንም ቅኝቱ ከእኛው ጋር ይዛመዳልና ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ምንም የተሰበረ ነገር አልነበረም። መዝጊያው ብቻ ተዘግቶ ነበር።

ደስታችን አልቆየም። ሲዲውን ስናስገባ ማጫወቻው ያጓራል፣ ያርፋል፣ እንደገና ያጓራል፤ ግን አይከፍትም። ሴትዮዋ ፊታቸው ጠቆረ። እኛ ግን አሁን ተምረናል። ማሽኑ በሆዱ የሚያጉረመርመውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ዲሜሴጅ ብለው ሲጠሩት ያወጣዋል። ማንበብ አቃተኝ ብሎ ጽፏል። ጥፋቱ የሲዲው ነው ወይስ የማጫወቻው? ይህን ለመለየት ሌላ ጤነኛ ሲዲ አስገባን፤ እርሱንም አልከፍት አለ። እንግዲያውስ በሽተኛው ማጫወቻው ነው። የካርቱምን ሃቡብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያ ቀይ አቧራ በተዘጋ መስኮት ይገባል፣ በተከደነ ድስት ይገባል፣ የሲዲ ማንበቢያ ዓይን ውስጥስ ለምን አይገባ? መብራቱን አጥፍተን በጥጥና በአልኮል ዓይኑን በቀስታ ጠረግነው። ጤነኛው ሲዲ ተከፈተ። የሴትዮዋም ተከፈተ፤ ሦስት ፋይሎች ነበሩበት።

አሮጊቷ ተናገሩ። «ልጄ፣ እህል ትበያለሽ? ብርዱስ?» አሉ። በካርቱም ሙቀት ውስጥ ስለ ብርድ መጠየቃቸው ሁላችንንም አሳቀን፤ ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሁለተኛው ፋይል የጎረቤት ወሬ ነበር። በሦስተኛው አያት ለልጅ ልጃቸው የዘር ሐረጓን እስከ ሰባት ትውልድ መቁጠር ጀመሩ። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። አራተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ድምፁ ተንተባተበና ቆመ። ሲዲው ተጭሮ ነበር።

ያን ሌሊት ዲዲሬስኪው የሚባለውን መሣሪያ አስነሣን። ይህ መሣሪያ ጠባዩ እንደ ብልህ ገበሬ ነው፤ መጀመሪያ ደኅናውን መሬት ያርሳል፣ ድንጋያማውን ትቶ ያልፋል፣ በኋላ ተመልሶ በየድንጋዩ መካከል ይሞክራል። የደረሰበትንም በካርታ ይጽፋል። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋብን፤ ሲመጣ ከጀመረበት ሳይሆን ካቆመበት ቀጠለ። ሊነጋ ሲል ከጥቂት ቅንጣት በቀር ሁሉም ተገለበጠ። ሲዲውን ለማውጣት ስንል ደግሞ ማሽኑ በሥራ ላይ ነው ብሎ እንቢ አለን። ማን ነው የያዘው ብለን ስንመረምር እኛው ራሳችን ነን፤ ትእዛዝ የምንጽፍበትን መስኮት በሲዲው ውስጥ ከፍተን ትተነዋል። ከዚያ ወጥተን ስንጠይቀው ሰጠን።

በማግስቱ ልጅቷ ሰማች። ስድስት ስም ጻፈች። አራተኛው አልተሰማም፤ ለእርሱ አንድ ባዶ መስመር ተወችለት። እናቷም ያን ስም አያውቁትም ነበር። ቅጂውን በሁለት ፍላሽ አድርገን ሰጠናቸው፤ አንዱን ለልጅቷ በክር አንገቷ ላይ አሰሩላት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ክፍላችንን፣ ሰሌዳችንንና ያንን ኮምፒዩተር እንዳሉ ትተን ወጣን። ሴትዮዋን በአውቶቡስ መናኸሪያ ለመጨረሻ ጊዜ ስናያቸው የሻይ ዕቃቸውም ሲዲውም ቀርቷል። «እሱስ?» ብለን ስንጠይቅ በእጃቸው የልጃቸውን አንገት አሳዩን። ወዴት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ዛሬ በዚህ መጠለያ ኮምፒዩተር የለንም። ያለን እስክሪብቶና ይህች ገጽ ናት። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ስልክህ ውስጥ ወይም ከሻንጣህ ሥር የአባትህ ወይም የእናትህ ድምፅ ካለ፣ ዝም ቢልህ ሞቷል ብለህ አትፍረድበት፤ መጀመሪያ መዝጊያውን እይ። ሲናገር ካገኘኸውም ነገ አትበል፣ ዛሬውኑ ገልብጠው፣ ለሌላም ሰው ስጥ። ሽማግሌ አጠገብህ ካለ ደግሞ አራተኛውን ስም ጠይቅና ጻፍ። ይህችንም ገጽ አንብበህ ስትጨርስ አንድ ቅጂ በእጅህ ጽፈህ ለጎረቤትህ አሳልፍ።