በሚሰማው ቋንቋ

በላፕቶፓችሁ ላይ እንከን የሌለው ፕሮግራም እንዳለ ወደ ራዝቤሪ ፓይ ቢወሰድ አይነሣም። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ኢንቴል ከሆነ፣ የትንሿ ሰሌዳ አርም ነው፤ ቋንቋቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ እኔ ክሮስ ኮምፓይለር እጠቀማለሁ፤ ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ሰሌዳዋ በሚገባት ቋንቋ ይተረጉማል። እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። የሰሌዳዋን ላይብረሪዎች ቀድቼ ሲስሩት በሚባል ፎልደር አኖርለታለሁ፤ አለዚያ የላፕቶፑን ያነሣና ሥራው ይበላሻል።

ለሰፈር ጓደኛችሁ ስለ ጌታ ስትነግሩ ይህን አስቡ። በበዓለ ኀምሳ ዕለት እንኳ እያንዳንዱ የሰማው በገዛ ቋንቋው ነበር። «ቅባት»፣ «መገለጥ» ስትሉት ዝም ቢል፣ ልቡ ደንድኖ ላይሆን ይችላል። መልእክቱን አትለውጡ፤ የፕሮግራሙም ምንጭ ያው አንድ ነው። ነገር ግን አስቀድማችሁ ቤቱ ግቡ፤ ኑሮውንና ሐዘኑን ስሙ። ከዚያ ተናገሩ።