የባንክ ሠራተኛና የምስክር ወረቀቱ

ድጓን ተምሮ መምህር ሊሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻውም ወደ ዙር አምባ ይወጣል። በዙር አምባ ያስመሰከረ ሰው በዚያው ምስክርነት የድጓ ወንበር ልያዝ ቢል የሚሰማው የለም፤ ይኸውም ዕውቀቱ ተንቆ ሳይሆን፣ ምስክሩ ለሌላ ወንበር ስለ ሆነ ነው። በልጅነቴ ከመምህሮቼ የሰማሁት ይህ ሥርዓት በባንክ ሥራ ላሉት ልጆቻችንም ነገር መመዘኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በሰቆጣ ከተማ በባንክ ገንዘብ በመቀበልና በመክፈል የሚያገለግል የታላቅ እኅቴ ልጅ አለ። እርሱም ሲ.ኤፍ.ኤ. የሚባለውን የውጭ አገር ምስክርነት ሊይዝ ተመኘ፤ እናቱም ለፈተናው ክፍያ ፍየሎቿን ልትሸጥ ተነሣች። ክፍያው በዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ስላለፈ፣ የሚሸጡት ፍየሎች ቁጥር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ።

ነገሩን ብመረምር ሲ.ኤፍ.ኤ. ሦስት ደረጃ ፈተናና 4,000 ሰዓት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ፣ የአክሲዮንና የቦንድ ዋጋ ለሚመዝን፣ የሌላውንም ሀብት ለሚያስተዳድር ሰው የተሠራ ነው። ይህ ወንበር በአገራችን ገና መዘርጋቱ ነው፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ዓ.ም.፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በአዲስ አበባ። 13 ፈተናና የ3 ዓመት ልምምድ ያለው ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. ግን የሒሳብ ሹምና የኦዲተር ነው። ባንኮች በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደንብ እንዲያቀርቡ ስለ ታዘዙ፣ ይህን የያዘ ሰው በየዋናው መሥሪያ ቤት ዋጋ አለው። በሁለት ክፍል የሚፈተነው ኤፍ.አር.ኤም. ደግሞ የብድርንና የምንዛሪን አደጋ አስቀድሞ ለሚመዝን ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ስለ ከፈተ፣ የእነዚህ ወረቀቶች ተፈላጊነት እንደሚበዛ አልጠራጠርም።

በዋግ ብድር ለሚሰጥ ሰው ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በፍርድ ቤት የብድር ክርክር ስጽፍ የማየው፣ ተበዳሪው የፈረመበትን ቃል ሳያስተውል መቅረቱን፣ ዋስትናውም በሚገባ አለመጻፉን ነው። አገውኛ የሚናገረውን ገበሬ በቋንቋው የሚያስረዳ፣ ዝናብ የቀረበትን ዓመትና ማር የሚቆረጥበትን ወራት አውቆ የመክፈያውን ቀን የሚቀጥር ሠራተኛ ከብዙ ክርክር ያድነናል፤ ለዚህ የሚሰጥ ወረቀት ግን እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ልጁን፣ አስቀድሞ በባንኩ የብድር ሥራ እንዲማር፣ ወደ ሒሳብ ካዘነበለም ከኤ.ሲ.ሲ.ኤ. አንዱን ፈተና ከደመወዙ ቆጥቦ እንዲሞክር መከርሁት፤ እርሱም እሺ አለ። እኅቴ ግን «አንተ ከቄስ ትምህርት ቤትም ከሚሲዮንም ተምረህ፣ ለልጄ አንዱን ነፈግኸው» ብላ እስከ ዛሬ ቅር ተሰኝታብኛለች። ፍየሎቹ በጉሯቸው አሉ።