ሁለቱ ሴራዎች

«ሴራ» የሚለውን ቃል በአማርኛ የሰማ ሰው በድብቅ የሚዶለት ክፉ ምክር ይታየዋል። በእኛ በሀዲያና በከምባታ ግን ሴራ ማለት ሽማግሌዎች በጉባኤ የሚያጸኑት፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነው። ሆሳዕና ያደግን ሰዎች ሁለቱን ፍቺዎች አብረን ተሸክመን እንኖራለን።

ይህን ያስታወሰኝ የሕግ ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ርእስ ኢትዮጵያ ለሌሎች መንግሥታት ዕውቅና ስትሰጥና ስትነፍግ ያሳየችው አሠራር ነበር። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ ሰነዱን ከየት ላግኝ?» አለኝ።

ሰነዱ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ነው። የሶማሌላንድ መሪዎች 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት በሊዝ እንደሚሰጡ፣ በምላሹም ዕውቅና እንደሚያገኙ ተናገሩ። የእኛ መንግሥት መግለጫ ደግሞ ስለ ዕውቅናው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ አቋም እንደሚይዝ ብቻ ገለጸ። ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ዓመት ሳይሞላ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ሌላ መግለጫ ወጣ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን ለሕዝብ አልታተመም።

አንባቢዬ፣ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ትዝ ሳይልህ አልቀረም። ነገር ግን የውጫሌን አማርኛና ጣሊያንኛ ጎን ለጎን አስቀምጠን ማነጻጸር እንችላለን። እዚህ የምናነጻጽረው ቃል ከቃል ነው።

በዓለም አቀፍ ሕግ የመንግሥታት ልማድ ራሱ የሕግ ምንጭ ነው፤ መንግሥታት ያደረጉት ነገር፣ ያንንም ግዴታችን ነው ብለው ማድረጋቸው ይመረመራል። አንድ ወረቀት አስገዳጅ ውል ይሁን ወይም የሐሳብ መግለጫ የሚለየውም በቃላቱ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሕገ መንግሥቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሰጠው የማጽደቅ ሥልጣን ይህን ሰነድ ይመለከት እንደሆነ እንኳ መወሰን አልቻለም። ድርድር በምስጢር መያዙን አልነቅፍም፤ በሬውን ከነገዳዩ ጋር ሳይስማማ ዋጋውን ለገበያ የሚያወራ ሻጭ የለም። የተፈረመ ነገር ግን ከድርድር ያለፈ ነው። የባሕር ኃይል ሰፈር ቢመሠረት ደግሞ ዘብ የሚቆመው ከሆሳዕናና ከዱራሜም የሚመለመል ልጅ ነው።

ስለዚህ 1918 ዓ.ም.ን አነሣሁለት። በዚያ ዓመት እንግሊዝና ኢጣሊያ እኛን ሳያማክሩ በደብዳቤ ተስማሙ፤ አንዷ ለጣና ግድብ፣ ሌላዋ ለባቡር ሐዲድ ሊደጋገፉ። ወሬው ለአዲስ አበባ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። ራስ ተፈሪ ግን ኢትዮጵያ ሦስት ዓመት እንኳ ላልሞላት አባልነቷ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ላኩ። ዝም ቢሉ ዝምታው በሕግ ዓይን እንደ መቀበል ሊቆጠርባቸው ይችል ነበር። ሁለቱ ኃያላን ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው ማስተባበል ግድ ሆነባቸው። በግልጽነት ስም ኃያላንን የከሰሰችው ያችው አገራችን ነበረች።

ልጁ ርእሱን ቀየረ። አሁን የሚጽፈው ስለ 1918 ነው፤ አቤቱታውም መልሱም ታትመው ስለሚገኙ።

«አማካሪዬ ለምን ቀየርህ ቢለኝ ምን እላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ምንጭ አጣሁ በለው» አልሁት።