ባለ ሦስት አፍንጫው አይሮፕላን

በደሴ ተወልደን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያደግን ወንድማማቾች ነን። በልጅነታችን ከጨዋታ ሁሉ የምናስበልጠው ከማሽላ አገዳ አይሮፕላን መሥራት ነበር። አገዳውን ከኮምቦልቻ ገጠር የሚመጡ ዘመዶች ያመጡልናል፤ ቅርፊቱ ክንፍ፥ ለስላሳው ውስጡ አካል ይሆናል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ የደረስን እንደ ሆነ ደግሞ፥ ከአይሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ቆመን የሚያርፈውንና የሚነሣውን ስንመለከት እንውል ነበር።

እምዬ ብለን የምንጠራቸው አያታችን ሥራችንን አይተው ዝም ይሉ ነበር እንጂ እንደ ሌላው ሰው አይስቁም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ. ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው እንደ ተኰሱ፥ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም እንደ ተመታ በታሪክ ተጽፏል። እምዬ ግን የሚናገሩት ያዩትን ብቻ ነው፤ «ሦስት አፍንጫ ነበረው፤ ክንፉ ከራሱ በላይ ነው፤ እንደ አሞራ እግሩን አይሰበስብም» ይሉን ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስንሆን «ካፕሮኒ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ሥዕል በአንድ መጽሐፍ አገኘን። ደሴን የደበደበው ካፕሮኒ እንደ ሆነ ሰምተን ነበርና፥ ሥዕሉን እያየን ከእንጨት ጠርበን፥ በቆርቆሮ ለብጠን፥ ለእምዬ አቀረብንላቸው። አገላብጠው አዩትና «ይኸ አይደለም ልጆቼ፤ አፍንጫው አንድ ነው» አሉ። እኛም የትምህርት ትዕቢት አድሮብን ኖሮ፥ «እምዬ፥ ይህ እኮ በመጽሐፍ የታተመ ነው፤ እርስዎ ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ» አልናቸው። «እንግዲያ መጽሐፍ ካለ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ታሪክ ለእኛ አላወሩንም።

ዘመን አለፈ፤ እምዬም ዐረፉ። እኛም በየመሥሪያ ቤቱ ገብተን ሳለ፥ የጦር አይሮፕላንን ምስል በ1 ለ72 መጠን አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ መኖራቸውን ዐወቅን። እነዚህ ሰዎች እንግሊዛዊውን ስፒትፋየር በጥላው ይለዩታል፤ ብዙ ያልተወራለትን አይሮፕላን ግን ሞተሩን ቈጥረው፥ የክንፉን ቦታ፥ የእግሩንና የጅራቱን አኳኋን መርምረው ነው ስም የሚሰጡት። ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ተማሪዎች ከእንጨት የጠረቧቸው ምስሎች ለወታደሮች ማስተማሪያ ሆነዋል፤ ወገኑን ከጠላት ያልለየ ተኳሽ ወንድሙን ይጥላልና።

በእኛም አገር ሰማይ መለየቱ ቀላል አልነበረም። በ1933 ዓ. ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአርበኞች ጋራ በኮምቦልቻ በኩል ተዋግቶ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ያዘ። በዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የኢጣልያው ፊያት 42 እና በእንግሊዝ ወገን የነበረው ግላዲያተር ሁለቱም ድርብ ክንፍና አንድ ሞተር ነበራቸው፤ የግላዲያተሩ ነጂ በመስተዋት ተከልሎ ሲቀመጥ የፊያቱ ግን ራሱ ለነፋስ የተገለጠ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን ጀርመን የሠራውን ዩንከርስ 86 እየነዱ የጀርመንን ወዳጅ ኢጣልያን መደብደባቸው ነው።

ይህን ዘዴ ስንማር የቀድሞው ስሕተታችን ተገለጠልን። ካፕሮኒ የፋብሪካ ስም እንጂ የአንድ አይሮፕላን ስም አልነበረም። በመጽሐፉ ላይ ያየነው ካፕሮኒ 111 ነበረ፤ እርሱ በእርግጥ ባለ አንድ ሞተር ነው። ወንድሞቹ ካፕሮኒ 101 እና 133 ግን ሦስት ሞተር አላቸው፤ አንዱ በአፍንጫ ላይ፥ ሁለቱ በክንፍ ላይ። ሳቮያ 81 የተባለውም ባለ ሦስት ሞተር ቢሆን ክንፉ ከአካሉ በታች ነው። እንግዲህ ሦስት አፍንጫ፥ ከራስ በላይ የሆነ ክንፍ፥ የማይሰበሰብ እግር፤ የዐሥር ዓመቷ ልጅ ከቦምብ እየሸሸች ሦስቱን ምልክት አንድ ሳታጓድል ይዛ ነበር። እኛ በሰላም ተቀምጠን አንዱን እንኳ አልቈጠርንም።

ከምርኮ በኋላ ለብዙ ዘመን በኢጣልያ ቤተ መዘክር የቈየችው፥ በ1928 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለች አይሮፕላን ጥር 21 ቀን 2016 ዓ. ም. ለኢትዮጵያ መመለስዋን የሰማን ዕለት፥ ደስታችን ከኀዘን ጋራ ተቀላቀለ። የተወሰደ አይሮፕላን ከሰማንያ ዓመት በላይ ቈይቶ ይመለሳል፤ የናቅነውን ምስክር ግን ከወዴት እንመልሰዋለን?

በቅርቡ ሌላ አይሮፕላን ጠርበናል፤ አፍንጫው ሦስት ነው። የሚያየው እንግዳ ሁሉ ዐይነቱን ሲጠይቀን «ካፕሮኒ» ከማለታችን በፊት «እምዬ ያዩት ነው» እንላለን። አንባቢያችን መምህር ወይም ተማሪ ከሆነ፥ በቤቱ ያን ዘመን ከወላጁ የሰማ ሽማግሌ ቢኖር ዛሬውኑ ይጠይቀው፤ የሚነግረው ነገር ከመጽሐፉ ጋራ ባይስማማም፥ ከማረሙ በፊት ሞተሩን ይቍጠር።